ተቀባዩ ይዋሻል ወይ?

— ሄሎ? ... ሄሎ፣ ማን ልበል? ... አቢዬ! አንቺ ነሽ እንዴ? ቁጥሩን አላወቅኩትማ። ... የወንድምሽ የእስራኤል ስልክ ነው? በይ ይሁን። እንዴት አደራችሁ? ደሴስ፣ ጉሙ ተነሳ? ... እኛማ አልሐምዱሊላህ፣ ኮምቦልቻ ፀሐይ ነው። እናትሽ እትዬ ዓለሚቱስ? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ... ቆይ እንጂ፣ ሰላምታዬን አስጨርሺኝ! ... ምን? ... ቁጭ ብያለሁ።

ቁጭ አላለችም። ረውዳ ስልክ ስታወራ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስትመላለስ ነው የምታወራው። አባቷ ሼህ አብዱልባሲጥ «የእኔ ልጅ በእግሯ ነው የምታወራው» እያሉ ለጎረቤት ያሟታል። አሁንም መደቡ ላይ ሆነው መስቢሃቸውን እየቆጠሩ፣ ዓይናቸው እሷን ተከትሎ ይሄዳል ይመለሳል።

የደወለችው አቢጌል ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ የምትኖር፣ ሰው ላይ ስህተት ስታይ ዝም ማለት ያልፈጠረባት ልጅ። ረውዳ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፏን ትናንት ልካላት ነበር። እውነቱን ለመናገር አስተያየት አልፈለገችም፤ «ጎበዝ» መባል ነበር የፈለገችው።

— አነበብሽው? ሙሉውን? ... ማሻአላህ! እና? ... «እና?» ነው የምልሽ። ... ምዕራፍ አራት ምን ሆነ? ... ስህተት? የፊደል ከሆነ እኔም ሁለት ሦስት አይቻለሁ። ... የፊደል አይደለም። ... አቢጌል፣ አታስደንግጪኝ። ... ለማንም እንዳልሰጥ? አይሆንማ! ጋሽ ደጉ አሁን ሊወስዱት ነው። ... አሁን ስልሽ፣ መንገድ ላይ ናቸው። ወደ ደሴ ሲወጡ በእኛ በር አልፈው ይወስዱታል። ትናንት ደውለው ውጤቱን ሲጠይቁኝ በአጭሩ ነግሬያቸዋለሁ። ... ምን አልኳቸው? ያው የጻፍኩትን ነዋ። ጥፋቱ መሣሪያው ላይ ነው አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ደጉ ደሴ ላይ ሁለት መድኃኒት ቤት አላቸው፤ አንዱ ሆጤ፣ አንዱ ገራዶ። ሁለቱን ያለ ገመድ፣ በአየር በሚያልፍ የኔትወርክ መስመር ያገናኘላቸው ማረው የሚባል ቴክኒሻን ነው፤ ገራዶ ላይ ምሰሶ ተክሎ፣ ሆጤ ጣሪያ ላይ ተቀባይ መሣሪያ ሰቅሎ። መስመሩ አንዳንድ ቀን እንደ ፈረስ ይጋልባል፣ አንዳንድ ቀን እንደ ኤሊ ይጎተታል። ረውዳ ለጥናቷ መስመር ስትፈልግ ጋሽ ደጉ «በእኔ አጥኚበት፤ ብቻ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ንገሪኝ» ብለው ፈቀዱላት። እሷም የማረው ተቀባይ ይዋሻል፣ ያልደረሰውን ደረሰኝ ይላል ብላ ጻፈች። ጋሽ ደጉ ደግሞ ወረቀቱን እንዳገኙ ማረውን ሊያሰናብቱት ነው። ይህን ረውዳ ታውቃለች፤ ትናንት ስትሰማ «ቁጥር ነው፣ ቁጥር አያዳላም» ብላ ራሷን አጽናንታ ነበር የተኛችው።

— እንዴት ልበልሽ? ... ለእናትሽ እንደማስረዳ? እሺ፣ እትዬ ዓለሚቱ ይስሙኝ። ሲሙሌተር ማለት ኔትወርክን ላፕቶፕ ውስጥ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። እኔ የገራዶና የሆጤን መስመር ላፕቶፔ ውስጥ ሠራሁት። አንድ ላኪ አለ፣ አንድ ተቀባይ አለ። ላኪው መልእክቱን በትንንሽ እሽግ ከፋፍሎ፣ ቁጥር እየሰጠ ይልካል። ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት ... አዎ፣ የሚቆጥረው ከዜሮ ነው። የተቀባዩ ሥራ ምንድን ነው? እሽግ ሲደርሰው ቁጥር መመለስ። ላኪው በዚያ ቁጥር ነው የደረሰውን የሚያውቀው። ... ልክ ነው? አየሽ! ... እሺ እቀጥላለሁ። ሲሙሌተሩ ውስጥ እሽግ ዜሮ ሲደርስ ተቀባዩ ዜሮ ብሎ ይመልሳል። አንድ ሲደርስ አንድ። እስከ ዘጠኝ በተራ ከደረሰው ዘጠኝ። ንጹሕ ነገር!

— ከዚያማ በማረው እውነተኛ መስመር የሚያልፈውን ሁሉ ላፕቶፔ ላይ ቀዳሁ። ራሱ ነው ምሰሶው ላይ ወጥቶ ገመዱን ያቀበለኝ፣ በዚያ ዝናብ። ... አዎ፣ ምስኪን። እና ቅጂውን ሳየው፣ እያንዳንዱ እሽግ አንድ ሺህ ባይት ነው። የመጀመሪያው ደረሰ፤ ተቀባዩ ምን ብሎ መለሰ? አንድ ሺህ! አንድ ሺህን ለአንድ ሺህ ሳካፍለው አንድ። እሽግ አንድ ግን ገና አልተላከም! የደረሰው ዜሮ ብቻ ነው። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፤ በአንድ እሽግ ይቀድማል። ያልበላውን ጠገብኩ የሚል እንግዳ ማለት ነው። ... አትሳቂ። ... ምኑ ነው የሚያስቀው?

ሼህ አብዱልባሲጥ መስቢሃውን አቁመው ቀና አሉ። ረውዳ በእጇ «ምንም አይደለም» አለቻቸው፤ ፊቷ ግን ሌላ ነበር የሚለው።

— ምን ማለት ነው «ተቀባዩ ምን እያለ ነው»? የደረሰውን የመጨረሻ ቁጥር ነዋ የሚናገረው! ... አይደለም? ... ሄሎ? ... ሄሎ፣ አቢጌል፣ ትሰሚኛለሽ? ... ተቆራረጠብኝ፣ ያ ረቢ፣ አሁን ነው ደግሞ! ... ሄሎ! እ፣ መጣሽ። እስከ የት ነው የሰማሽኝ? ... ምን? ... «ከተቀባዩ በኋላ ያለውን ቀጥዪ» ነው የምትዪኝ? እኔ እስከ የት ሰማሽ ብዬ ስጠይቅሽ፣ አንቺ ቀጥሎ የምትጠብቂውን ...

እዚህ ላይ እግሯ ቆመ። አባቷም ሳይገርማቸው አልቀረም፤ ልጃቸው ስልክ ይዛ ስትቆም አይተው አያውቁም።

— ቆይ ... ቆይ። ድገሚልኝ። ... እውነተኛው ቲሲፒ፣ መስመሩ የሚሠራበት ደንብ፣ የደረሰውን አይናገርም? ቀጥሎ የሚጠብቀውን ነው የሚናገረው? ... በእሽግ አይቆጥርም፣ በባይት። ... እሺ። ከዜሮ ይጀምር እንበል። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ደረሰው። ስለዚህ ... ቁጥር አንድ ሺህን ላክልኝ ይላል። አንድ ሺህ ደረሰኝ አላለም፤ አንድ ሺህን ስጠኝ ነው ያለው! ... ያ ረቢ። ... ታዲያ ሲሙሌተሩ ለምን እንዲያ አለኝ? ... ያቃለለው ነው? ... የሠሩት ሰዎች ናቸው እንዲቀልላቸው በእሽግ የቆጠሩት፣ የደረሰውን የመጨረሻውን የሚመልስ አድርገው። ... መመሪያው ላይ ተጽፏል? ... አላነበብኩትማ፣ ያን ክፍል። ለምን አነበዋለሁ? ትክክል መሰለኛ! ሌላ መንገድ መኖሩን በምን ልወቅ?

— አባባ! ... አንድ ጊዜ አቢዬ፣ አትዝጊ። አባባ፣ ቁርአን ለሚያቀሯቸው ልጆች የምልክቱን ክር የት ላይ ነው የሚያደርጉላቸው? ... ያነበቡት የመጨረሻዋ አያ ላይ። አይደል? ሁልጊዜ። የገራዶው ሼህ ዘይኑልአቢዲንስ? ያኔ አክስቴ መርየም ቤት ክረምቱን ስከርም ያቀሩኝ? ... አዎ! እሳቸው ነገ የሚጀመርባት አያ ላይ ነበር የሚያደርጉት። ... አዎ አባባ፣ ያቺን! ... አይሳቁብኝ እንጂ!

ሼህ አብዱልባሲጥ የሳቁት በደንብ ስለሚያስታውሱት ነው። ረውዳ ልጅ ሳለች ክረምቱን ገራዶ ከርማ ነበር። የአባቷ ክር «እስከዚህ ደርሰሻል» ማለት ስለነበር፣ የሼህ ዘይኑልአቢዲንንም ክር እንደዚያው ቆጠረችው። በየማለዳው ክሩ ያለባትን አንቀጽ ያነበበቻት እየመሰላት ዘልላ ቀጣይዋን ትጀምራለች። ሼሁ ሰነፍ ናት አሉ፣ እሷ አለቀሰች፣ በመጨረሻ አክስቷ ነች ነገሩን የደረሰችበት። ያ ሁሉ ለቅሶ ግን የአባቷን ቤት ልማድ ከልቧ አላወጣውም። ሲሙሌተሩ ልክ እንደ አባቷ ክሩን የደረሰበት ላይ ሲያደርግ ስታየው፣ ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው ብላ አለፈችው።

— ሰማሽ አይደል አቢዬ? በቃ ይኸው ነው። ሲሙሌተሩ የአባባ ክር ነው፤ የማረው መሣሪያ የሼህ ዘይኑልአቢዲን። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ነኝ ላም ባልዋለበት ኩበት የለቀምኩት። ... አይ፣ አታጽናኚኝ። የሰው ሐቅ እኮ ነው! እኔ «ይዋሻል» ብዬ ስጽፍ ሰውየው እንጀራውን ሊያጣ ነው። ዝናብ እየወረደበት ምሰሶ ላይ ወጥቶ ገመድ ላቀበለኝ ሰው ... ወላሂ አልችልም። ... እሺ። እሺ፣ እተነፍሳለሁ። ... ሌላ ደግሞ አለ? ... ላፕቶፑ ተከፍቷል። የትኛውን ገጽ? ... ቅጂውን፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን። ... ይኸው።

ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ጎትታ ተቀመጠች። አሁን በእውነት ቁጭ አለች።

— አየሁት። ሦስት ሺህ፣ ሦስት ሺህ፣ ሦስት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ... እንደ ሕፃን ያንኑ ይደጋግማል። ይህን እኔ መሣሪያው ሲደነዝዝ ነው ብዬ ነው የጻፍኩት። ... አይደለም? ... ከሦስት ሺህ የሚጀምረው እሽግ መንገድ ላይ ጠፍቷል። ከኋላው ያሉት ደርሰዋል። ግን የጎደለው እስኪመጣ ተቀባዩ «ሦስት ሺህን ስጠኝ» ማለቱን አይተውም። ... አዎ፣ እየገባኝ ነው። ውሸታም ቢሆንማ የጠፋውን ዘልሎ፣ የኋለኞቹን ቁጥር ተናግሮ ያልፍ ነበር። ... ይኸው! ላኪው እንደገና ሲልክለት ነው ወደ ሰባት ሺህ የዘለለው። ሁሉም ሲሟላለት!

— አቢጌል ... ይህ መሣሪያ እኮ ሐቀኛ ነው። የጎደለውን ጎደለ ባይ። ... ዕንባ አይደለም፣ ጉንፋን ነው። ... እሺ ዕንባ ነው፣ ምን አገባሽ? ... ታዲያ እሽጉ የሚጠፋው ለምንድን ነው? ... ሰዓቱን? ... ቆይ ልየው። ድግግሞሹ ሁሉ ዝናብ በዘነበበት ሰዓት ነው። ፀሐይ በነበረበት ሰዓት የለም። ... ባሕር ዛፉ! አቢዬ፣ ማረው ሲለምን የነበረው ይህን እኮ ነው! ባሕር ዛፉ አድጎ መሐል ገብቷል፣ ቅጠሉ ሲረጥብ ሞገዱን ይይዘዋል፣ ምሰሶው ከፍ ይበል እያለ። ጋሽ ደጉ ደግሞ ለራሱ ሥራ ሊፈጥር ነው ብለው እምቢ አሉት። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሀቂቃ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሳቅኩ።

የመኪና ጥሩምባ ከበር ተሰማ። ሼህ አብዱልባሲጥ በመስኮቱ አሻግረው አይተው ለልጃቸው ነገሯት።

— መጡ። ... ጋሽ ደጉ ናቸው፣ መጡ። ... ብቻቸውን ናቸው አባባ? ... ማረው አብሯቸው አለ? መኪና ውስጥ? ... ሰማሽ? ይዘውት መጥተዋል! ሆጤ ድረስ ሊወስዱት ነው፤ ወረቀቱን አሳይተው መሣሪያውን በራሱ እጅ ሊያስነቅሉት! ... አላውቅም፣ የነገሩት አይመስለኝም። ... አትዝጊ! በሩ ላይ ድፍረት ያንሰኛል። እጄ ላይ ሁኚልኝ። ... አሚን፣ አሚን፣ በጌታም በአላህም ጸልዪልኝ፣ ብቻ አትዝጊ።

ሻርፗን ራሷ ላይ አጠባበቀች። የታተመውን ጽሑፍ ከጠረጴዛው አነሳችው፣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ስልኩን እንደያዘች ወጣች። ጋሽ ደጉ በሩን ከፍተው ግቢ ገብተዋል፤ እጃቸውን ለወረቀቱ ዘርግተዋል።

— ጋሽ ደጉ፣ እንደምን አደሩ? ... ደህና፣ አልሐምዱሊላህ። ... ወረቀቱን አልሰጥዎትም። ... አይ፣ አልጠፋም። ተሳስቻለሁ። ... አዎ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ትናንት ጥፋቱ መሣሪያው ላይ ነው ያልኩዎት፣ ልክ አይደለም። መሣሪያው «ይህን ስጠኝ» ሲል እኔ «ይህ ደረሰኝ» ያለ መስሎኝ ነው። ... ለእርስዎ በእርስዎ ሥራ ልንገርዎት። የገራዶዋ ልጅ «ካርቶን አራትን ላኩልኝ» ብላ ብትጽፍልዎ ሌባ ናት ይሏታል? እስከ ሦስት ደርሷታል ማለት ነው እንጂ! ... እንደሱ ነው ያደረግኩት። «አራት ደረሰኝ ትላለች፣ ውሸታም ናት» ነው ያልኩት። ... አዎ፣ እኔ። የተማርኩት።

— መስመሩማ ይዘገያል። የሚዘገየው በዛፉ ነው። ማረው የነገረዎት ልክ ነው፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እሽግ ይጠፋል፣ ቅጂው ላይ ሰዓቱ ተመዝግቧል፣ ገብተው ይዩት። ምሰሶው ከፍ ይበል። ... ወጪው እንዳለ አውቃለሁ። ሰው ከማሰናበት ግን ይሻላል። ... አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ደጉ፣ በእኔ ቃል እኮ ነው ሊያሰናብቱት የነበረው። ... አልነገሩትም? እውነትዎን ነው? ... አልሐምዱሊላህ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ጋሽ ደጉ ኮስታራ ሰው ናቸው፣ ግን ክፉ አይደሉም። ጺማቸውን አሻሹ፣ ወደ መኪናው ዞር ብለው አዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለረውዳ አንድ ምክር ሰጧት። ምክሩ ከእሷ መልስ ይታወቃል።

— አይ፣ እነግረዋለሁ። ... ባያውቅም። እሱ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ። ... ማረው! ና እስቲ፣ ውረድ። ... ደህና ነኝ። ስማ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው፣ እስክጨርስ ዝም በለኝ።

ስልኩን ወደ ታች አወረደችው። አቢጌል ቧንቧ ውሃ ሆና የሰማችው የመኪና ሞተርና የሰው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ከዚያ የመኪናው በር ተዘጋ፣ ጎማው ጠጠሩን እያንኳኳ ሄደ፣ የረውዳ ትንፋሽ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

— አቢዬ? ... አለሽ? ሰማሽው? ... አልተሰማሽም። ነገርኩት፣ ሁሉንም። ያንተ መሣሪያ ይዋሻል ብዬ ጽፌብህ ነበር፣ አፉ በለኝ አልኩት። አየኝ፣ አየኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ ምሰሶውን ፈቀዱ?» ... ወላሂ! ሌላ ምንም። ጋሽ ደጉ ከኋላው ሆነው «ፈቅጃለሁ፣ ግባ እንሂድ» አሉት። እንደ ሙሽራ ዘልሎ ገባ። ... እኔማ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። መኪናው ሊነሳ ሲል ራሱን በመስኮት አወጣ። ሳቁ የለም። «ረውዳ፣ አንዴ በወረቀት ከተጻፈ በኋላ እኔ ብናገር ማን ያምነኝ ነበር?» አለኝ። ... ማንም። ማንም አያምነውም ነበር፣ እኔም ጭምር።

ደጃፉን አልፋ ወደ ቤት ገባች።

— «ማነው ያረመሽ?» ሲለኝ ስምሽን ነገርኩት። «ንገሪያት፣ ቤቴ ቆሟል በያት» ብሎሻል። ... እንዲህ ብሎ ነው የሄደው፣ አደራውን ነው የማደርስሽ። ... አንቺም አታልቅሺ እንጂ! ... ከእኔማ ምን ልበልሽ? ሰው ጓደኛው ሲያሞግሰው ደስ ይለዋል። አንቺ ያን ሁሉ ገጽ በዓይንሽ ፈትሸሽ፣ ይከፋታል ብለሽ ሳትሰጊ፣ የወንድምሽን ስልክ ነጥቀሽ ... አላህ ያክብርሽ፣ አቢዬ። ክፉ አይንካሽ። እናትሽን ያቆይልሽ። ... አሚን። ... አሚን፣ አንቺንም ጌታ ይባርክሽ። ... ምዕራፍ አራትን? አዎ፣ እንደ አዲስ። ለመምህሬም ቀን ይጨምሩልኝ እላቸዋለሁ፤ ቢቆጡም ይቆጡ። ... ስልኩን ለእስራኤል መልሺለት፣ ካርዱን ጨረስንበት። ... እሺ። ... አንቺ ዝጊው። ... እሺ፣ እኔ እዘጋዋለሁ። ደህና ዋይ፣ የእኔ እህት።

ዘጋችው። አባቷ መደቡ ላይ ሆነው «ምን ሆነ?» እንደማለት ቅንድባቸውን አነሱ። ረውዳ አጠገባቸው ተቀምጣ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ምዕራፍ አራትን ከፈተች፣ «ይዋሻል» የሚለውን ቃል ፈልጋ አገኘችው፣ አጠፋችው፣ በቦታው «ይጠብቃል» ብላ ጻፈች።